የቃጫው ሽታ

ትናንት የልጅ ልጄ ለበዓል ያመጣችውን አበባ ልጥል ከማሰሮው ሳወጣው፣ አገዳው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ እንደ ንፍጥ እየተዝለገለገ እጄ ላይ ቀረ፤ ሽታውም ሳልጠራቸው አማቴን አመጣብኝ።

እኔ ልጅ ሳለሁ ተድሬ፣ ልጅነቴን ያገኘሁት ልጆች ወልጄ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ላሊበላ የማታ ትምህርት ገብቼ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ነው። አማቴ የቄስ ሚስት የነበሩ፣ የጎረቤት ወጥ ማረሩን ከሠሪዋ ቀድመው በአፍንጫቸው የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ልጆቼን ሊይዙልኝ የተስማሙት በአንድ ቃል ነበር፤ «ከተማሪ ቤት አስጸያፊ ነገር ቤቴ የገባ ቀን ትምህርትሽ ያበቃል።»

መምህራችን ማይክሮስኮፕ ስላልነበረው የዕፅዋትን ህዋሳት በአፍንጫችን አስተማረን። የቃጫ ቅጠል ዘፍዝፈን አበስብሰን፣ ክር የመሰለውን ጭረቱን አጥበን እንድናመጣ አዘዘ። ውሃና ምግብ የሚያጠራቅሙት ስስ ህዋሳት ይበሰብሳሉ፣ ቅጠሉን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት ባለ ወፍራም ግድግዳዎቹ ግን ይቀራሉ አለን። ያላመጣ አያልፍም።

በጋ ነበርና ወንዙ ደርቋል። ጓሮ በተጣለ አፉ የተሰበረ ጋን ቃጫውን ዘፈዘፍኩት። ከቀናት በኋላ አረፋ አወጣ፣ ዝንብ ወረሰው፤ እንደ ሞተ በቅሎ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል ግማት ጸጉሬ ውስጥ ገባ። ልጆቼ ከእጄ ጉርሻ እንቢ አሉ። አማቴ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በጋኑ አጠገብ ያልፋሉ፤ እኔ «ትምህርትሽ አበቃ» የሚሉበትን ቀን እቆጥር ነበር።

የማርያም ማኅበር ተራችን ደረሰና ሴቶቹ እንደተቀመጡ ነፋሱ ዞረ።

«እትዬ፣ ምን ሞቶብዎ ነው?» አለች አንዷ።

«ምራትዎ ከተማሪ ቤት ያመጣችው ነው አሉ» አለች ሌላዋ፣ ወደ እኔ ሳታይ። «እንዲህ ከሆነ ዕውቀቱስ ይቅርብን።»

የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ፍርዴን ጠበቅኩ።

«የእኔ ነው» አሉ አማቴ። «ለላሜ ገመድ ብዬ ዘፈዘፍኩት። ቁራጭ ገመድ እናንተ ቤት ከምለምን ይግማ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ጠጡ።

በማግሥቱ ጋኑ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ በየመካከሉ እንትፍ እያሉ፣ አረንጓዴውን አተላ ከእኔ ጋር ፋቁ።

«ይኼ ነው ትምህርቱ?»

«የሚበሰብሰውንና የማይበሰብሰውን መለየት ነው፣ እማዬ።»

«እሱንማ ቀባሪ ሁሉ ያውቀዋል።»

አለፍኩ። የተረፈው ጭረት ተገመደና ላሚቱ ታሰረችበት፤ ላሚቱ ከተሸጠች በኋላም ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ። አማቴ ሲያርፉ የተጠቀለሉበትን ሰሌን ያሰርነው በእሱ ነው። ዛሬ ገበያው ሁሉ የላስቲክ ገመድ ነው፤ አይሸትም፣ ማንም አይዘፈዝፈውም።

ውሃውን ደፍቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ደግሜም ታጠብኩ። ሽታው አልለቀቀም። የልጅ ልጄ ገባችና፣ «ውይ፣ ይኼ ግማት የማን ነው?» አለች።

«የእኔ ነው» አልኳት። «የእኔ ነው» የሚልልኝ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም።