እማማ ጥሩሸዋ የሚፈትሉበት ጥግ

አማቴ እማማ ጥሩሸዋ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ጽሑፍ ላይ እምብዛም ነኝ፣ እንደማወራው ልጻፈው። በከተማችን በመሐል ሜዳ የበግ ጸጉር እንደ እሳቸው አቅጥኖ የሚፈትል አላየሁም፤ ባና፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚያሠሩ ሰዎች ክሩን ከእሳቸው ነው የሚወስዱት። እሳቸው እየፈተሉ ያወራሉ፣ እኔ እየሠራሁ እሰማለሁ። እንዲህ ነበር የምንውለው።

አምና የባሌ ወንድም ሚስት ጌታነሽ፣ አጥር የምንጋራው፣ አዲስ ቤት ሠራች። ሳሎኗን በየጥጉ ለየችው። አንዱ ጋ የእንግዳ ሶፋ፣ አንዱ ጋ ሥዕለ አድኅኖና የጸሎት መጽሐፍ፣ በትልቁ መስኮት ሥር ደግሞ ምንጣፍና ትራስ። ዝም ብሎ ማረፊያ ነው አለችን። እማማ ሊያዩ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ እንዝርታቸውን ይዘው እዚያ መዋል ጀመሩ። ሳቃቸው በአጥሩ በኩል ሲመጣ ሥራዬን ጥዬ አጥሩ ሥር እቆማለሁ። ጭራሽ ጌታነሽ ጠቅልለው እንዲገቡ እንደጠየቀቻቸው ባሌ ይታየው ነገረኝ።

እኔስ ጥግ መሥራት ያቅተኛል? ብዬ መደቡን በመጋረጃ ከለልኩት። ፍራሽ፣ ባና፣ ትራስ፣ ሁሉንም አደረግሁበት። እማማ ማታ መጥተው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ።

«ኮከቤ፣ ማን ወለደ?»

«ለእርስዎ ነው እማማ። እንዲያርፉበት።»

«በስተርጅናዬ አራስ ልታደርጊኝ? ገንፎውስ የታለ?»

ይታየው ሳቀ። በእኛ ቤት በመጋረጃ የሚከለል አራስ ብቻ መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። አፈርኩ። እንባዬም መጣ።

«ጥለውኝ ሊሄዱ ነው» አልኩ፣ ሳላስበው።

እማማ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ዓይኔ ደክሟል ልጄ» አሉ። «እዚህ ክሩ አይታየኝም። ለትራሱ የሄድኩ መሰለሽ?»

ቤታችን ብርድ ተፈርቶ መስኮቱ እፍኝ የማይሞላ ነው። በማግስቱ ይታየው የድንጋዩን ግድግዳ አፍርሶ መስኮቱን በደንብ አሰፋው፤ ፍራሹን ከሥሩ አነጠፍኩ። እማማ አሁን እዚያ ነው የሚውሉት፣ የመሄዱም ወሬ ቀርቷል።

ጌታነሽ ግን እንዝርት ገዝታ መፍተል ልማር ብላ ትመጣለች። ክሯ ይበጠሳል፣ እማማ ይስቃሉ። እኔም አጠገባቸው ስትጠጋ ትራስ የማስተካክል መስዬ መሀላቸው እገባለሁ።