መርፌዋና ጥቁሩ በርኖስ

ቀየት ከተማ ላይ ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝን፣ እኩያዬ የሆነውን ባለፎቶ ቤት ከመጀመሪያው ቀን አላመንኩትም። የካሜራውን ቀለበት ሲያዞር አውራ ጣቱ ቁጥሩን ይሸፍነዋል።

«ይሄ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ ይሄ መዝጊያው የሚከፈትበት ፍጥነት። በምታይባት መስኮት ውስጥ ያለችው መርፌ ብርሃኑን ትለካለች፤ መሐል ስትቆም ተጫን፤ አለቀ» አለኝ።

እንዲህ በቀላሉ? ዋናውን ደብቆኛል አልኩ በሆዴ። ከተማዋ ለሁለት ፎቶ አንሺ እንደማትበቃ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጊዜው ገበሬው የመሬት ደብተር የሚያወጣበት ነበር፤ ደብተሩ ላይ የባለይዞታው ፎቶ ይለጠፋል። አስተማሪዬ ከፎቶ ቤቱ መውጣት ስለማይወድ ወደ ጓሳ አፋፍ ገጠር የተላክሁት እኔ ነኝ። እዚያ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ። ደብተሩ በፎቷቸው ካልወጣ የባላቸው ወንድም ከማሳው ሊያስነሳቸው ቋምጧል።

የሟቹን ጥቁር በርኖስ እስከ አገጫቸው ተከናንበው ቆሙልኝ። በርኖሱ መስኮቷን ሞላት፤ መርፌዋ ወረደች። ቀዳዳውን አስፍቼ መሐል አቆምኳትና ተጫንኩ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የበርኖሱ ጠጉር አንድ ባንድ ይቆጠራል። ፊታቸው ግን ነጭ ወረቀት ነው፤ ዓይን የለ፣ አፍ የለ።

«ፊቴን እንድታጠፋ ማን ላከህ?» አሉኝ ሳሳያቸው።

«ኧረ ማንም አልላከኝም፣ እማማ!»

«ወንድምዬው ነው። በል ሂድ፣ ንገረው።»

እየበገንኩ ቀየት ገባሁና ፎቶውን አስተማሪዬ ፊት ወረወርኩት። «ሆን ብለህ ነው ያሳሳትከኝ!»

አንስቶ አየውና ደነገጠ። «በሞቴ፣ ከዚህ መጋረጃ ፊት ውጪ ሰው አንስቼ አላውቅም» አለኝ።

አላመንኩትም። ግን በርኖስ ተውሶ ደጅ ቆመልኝ። ካሜራውን ወደ በርኖሱ ሳስጠጋ መርፌዋ ትወድቃለች፤ ወደ ፊቱ ሳስጠጋ ትነሳለች። ለካ መርፌዋ ሰው አታውቅም፤ ጥቁሩ ልብስ ጨለማ መስሏት ነው ብርሃን ያስጨመረችኝ፤ የእናትዬውን ፊት ያጠፋው የበዛው ብርሃን ነው። እሱም እንደኔው አያውቅም ነበር። አፈርኩ።

ተመልሼ በስንት ልመና እናትዬውን አስቆምኳቸው። ካሜራውን እስከ ጉንጫቸው አስጠጋሁ።

«ደግሞ ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ብርሃኑን ከፊትዎ ላይ ልለካ ነው።» መርፌዋን መሐል አቁሜ፣ ቀለበቱን ሳልነካ ወደ ኋላ ሄጄ አነሳኋቸው።

ደብተሩ በሚታደልበት ቀን ቀበሌ ተገኘሁ፤ እሳቸውን ካላየሁ ልቤ አያርፍም። ጸሐፊው ፎቶውን ለጥፎ ማኅተም መታበትና ሰጣቸው። ፊታቸው ከነሽብሽቡ ቁልጭ ብሏል።

«ይሄ ፎቶ፣ ሰው ቢፍቀው ይላጣል?» ብለው ጠየቁት።

«አይላጥም፣ እማማ።»

አላመኑትም። እዚያው ፊቱ ቆመው የፎቶውን ጠርዝ በጥፍራቸው ደጋግመው ፋቁት። አልተነሳም። ያን ጊዜ ደብተሩን ደረታቸው ላይ ይዘው አለቀሱ።