የዋሱ ኮት

ክረምቱ ወጥቶ የመስከረም ፀሐይ ሲበረታ ኮቱን ከምስማሩ አውርጄ አጥሩ ላይ አሰጣዋለሁ። ዛሬም ሳሰጣው ያ ሽታ መጣ፤ የፈረንጅ ሳሙና፣ ትንሽ ትምባሆ፣ ከሥሩ ደግሞ የሐይቁ እርጥበት። ይህን ያህል ዘመን የሚቆይ ሽታ የለም ትሉኝ ይሆናል። አልከራከራችሁም፤ አፍንጫዬንም ቢሆን እጠረጥረዋለሁ። እኔ የማምነው ነገር ድሮም ጥቂት ነው።

ኮቱን ያወረሱኝ ጎረቤታችን ናቸው። ሟቹ ባላቸው ከደሴቶቹ በአንዱ ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ስለነበሩ ሰፈሩ ሁሉ «የመሪጌታ ባለቤት» ይላቸው ነበር። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። በደርግ ዘመን፣ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ልጁ በጀልባ ወደ ደልጊ ገበያ ተሻግሮ በዚያው ቀረ። አብረውት የተሻገሩት ሰዎች ሲመለሱ፣ ገበያው ተከቦ ጎልማሳ ጎልማሳው በጭነት መኪና ለሰፈራ መወሰዱን በሹክሹክታ ነገሩን። ቀበሌ ሲጠየቅ «በፈቃዱ ነው የሄደው» አለ። እናቱ «እኔን ሳይሰናበት?» አሉ።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ራዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ የዓለምን ወሬ ይሰማል፤ እንግሊዝኛም የተማረው በዚያው ነው። ያን ሰሞን ከዓለም አቀፉ ድርጅት አንድ ትልቅ ሰው ባሕር ዳር ሊመጣ መሆኑን ሰማን። ሰፋሪዎች የሄዱት በፈቃዳቸው መሆኑን ሊያረጋግጥ ነው አሉ። የመሪጌታ ባለቤት ነጠላቸውን አጣፍተው አባቴን ሊጠይቁት መጡ።

«ይኸ የሚመጣው ሰውዬ ምንድር ነው? ዳኛ ነው?»

«ዳኛስ አይደለም፣ እማማ። መንግሥታት ሁሉ የፈረሙበት ሕግ አለ። ድርጅቱ የሰው ልጅ መብት ዋስ ነው።»

«ዋስ? ዋስ ከሆነማ ይያዛል።»

አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰውዬው ወታደር አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ የለውም አለኝ። ታዲያ ማን ይፈራዋል ብዬ ብጠይቀው፣ «ሕግ ይከበራል እንጂ አይፈራም» ብሎ ተቆጣኝ። ከሚያከብሩት መሐል የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ፈልጌ አጣሁት።

እንግዳው የመጣ ዕለት ሰፈራችን በሙሉ ከሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል በር ላይ ለጭብጨባ ተሰለፈ። ረፋድ ነበር፤ ሐይቁ ያብረቀርቃል፤ የረጠበ ደንገል ይሸታል። ሰውዬው ግራጫ ኮት የለበሰ፣ ረዘም ያለ፣ ዓይኑ የደከመው ነበር። አስተርጓሚው የኛው ካድሬ ነው። ልክ በሩ ላይ የድርጅቱ ምልክት ካለበት ነጭ መኪናው ጋ ሲደርሱ ከሰልፉ አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«በሕግ አምላክ!»

በአገራችን የቆየ ልማድ ነበር፤ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን ቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አይለያዩም። ተከሳሹ ከጠፋ የሚቆራኘው ዋሱ ነው፤ ቋጠሮውን ፈትቶ መሄድ ትልቅ ነውር ነበር። እንግዳው ይህን ከየት ያውቃል? ቢሆንም ቆመ። ሁሉም ቆመ። ሚሊሺያው እንኳ እጁ ጠመንጃው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። የመሪጌታ ባለቤት ተጠግተው የነጠላቸውን ጫፍ ከኮቱ ጫፍ ጋር ቋጠሩት።

«ዋስ ሆነሃል አሉኝ። ወይ ልጄን አምጣ፤ ወይ ዳኛ ዘንድ እንሂድ።»

ሰውዬው ወደ ካድሬው ዞረ። ካድሬው ፈገግ ብሎ በእንግሊዝኛ መለሰለት። ለዚያች የምትበቃ እንግሊዝኛ ነበረችኝ፤ «ድሃ ናት፤ ብርድ ነው ያስቸገራት» ነበር ያለው። አባቴም አጠገቤ ቆሞ ሰምቶታል። ጫማውን ጫማውን ያይ ጀመር። አልፈርድበትም፤ በዚያ ዘመን አፉን የከፈተ የት እንደሚገባ ይታወቅ ነበር።

እንግዳው ቋጠሮውን አየ። የሚሊሺያውን ጠመንጃ አየ። ከዚያ የሴትየዋን ዓይን ረዘም ላለ ጊዜ አየና ኮቱን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና በሸሚዙ መኪናው ውስጥ ገባ። ፎቶ አንሺው አነሣ፤ እኛም አጨበጨብን።

እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ዝምታው ነው። ሳይገባው ቀርቶ ከሆነ ደግ ሰው ነበር። ገብቶት ከሆነ ግን ጅራቷን ጥላ እንደምታመልጥ እንሽላሊት ኮቱን ጥሎ አምልጧል። ሁለቱንም እያገላበጥሁ እዚህ ደርሻለሁ።

እሳቸው ግን አልተጠራጠሩም። «መያዣ ሰጥቶኛል፤ ልብሱን የተወ ሰው ይመለሳል» አሉ። ቋጠሮው እንዳይፈታ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ በምላጭ ቆረጡትና ኮቱን ከነቋጠሮው ሰቀሉት። ጫፉ በጎደለ ነጠላ ስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ አይቻቸዋለሁ። በነሐሴ ብርድ ሲንቀጠቀጡ እናቴ «ምናለ ኮቱን ቢደርቡት?» ብትላቸው «የመያዣ ዕቃ አይለበስም» አሏት።

ከወራት በኋላ ራዲዮው ሰፋሪዎቹ በፈቃዳቸው መሄዳቸው በእንግዳው መረጋገጡን ተናገረ። አባቴ ወሬው ሳያልቅ ዘጋው። ለጎረቤታችን አልነገርናቸውም። መንግሥት ተለወጠ፤ ከሰፈራ በእግራቸው የተመለሱ ሰዎች ወሬ ተሰማ፤ የሳቸው ልጅ ግን አልመጣም። ሊያርፉ ሲሉ እኔን አስጠርተው ኮቱን አስረከቡኝ።

«ሲመጣ ስጪው። መጀመሪያ ግን ልጄን ያምጣ።»

እኔ ሰው የማላምነው፣ እሺ አልኋቸው።

ባለፈው ሳምንት የዚያ ዓይነት ነጭ መኪና፣ በሩ ላይ ምልክት ያለበት፣ ከቤታችን ፊት መጥቶ ቆመ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ኮቱን ከምስማሩ አውርጄ ክንዴ ላይ ይዤ ወጣሁ። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ወደ ዓባይ ማዶ በየት ነው?» አለኝ። በእጄ አሳየሁት። መኪናው እስኪርቅ ድረስ ቋጠሮውን ይዤ ቆሜ ነበር።