አፉን ያላየሁት ክላክስ

ክላክሱ ድምፁን ያጠፋብኝ ቀን ጠብቆ ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ የጤና ቢሮአችን በተውሶ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ለሦስት እየተካፈልን የምንሠራበት ጊዜ። ለመኪኖቹ አዲሱን የክልሉን ታርጋ ለመስጠት ከአዲስ አበባ አንድ የተሽከርካሪ መርማሪ አሶሳ መጥቶ ነበር፤ አርብ በዘጠኝ ሰዓቱ አውሮፕላን ይመለሳል። እሱ ያልፈረመለት መኪና ዳግመኛ እስኪመጣ ከግቢ አይወጣም። መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ራሱም አያውቀውም።

እኔ የምነዳው ፈረንጆች ለሽርሽር የሠሩትን፣ አልጋና ምድጃ ያለው አሮጌ መኪና ነበር። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ለቢሮው ትተውት ነው። ቀለሙ ተልጧል፣ የኋላ በሩ በገመድ ይታሰራል፤ ግን በጋዝ የሚሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ አለው። ክትባት ሳይበላሽ ገጠር የሚያደርስ ሌላ መኪና አልነበረንም። ሰኞ የመጀመሪያ ጉዟችን ነው፤ የምንሄደውም ኩፍኝ አጎራባቹ ድረስ ወደደረሰበት መንደር ነው። የግቢያችን ዘበኛ የዚያ መንደር ሰው ናቸው። ሴት ልጃቸውና ዓመት የሞላው የልጅ ልጃቸው እዚያው ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ በየጠዋቱ ሰላም ካሉኝ በኋላ፣ ሰኞ መሄዳችን እንዳልቀረ ይጠይቁኝ ነበር።

አርብ አራት ሰዓት ላይ መርማሪው ፍሬኑን አየ፣ መብራቱን አየ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ሁሉም አለፈ። ክላክስ አድርግ አለኝ። ተጫንኩት። ጉንፋን የያዘው በግ እንኳ ከዚያ የተሻለ ድምፅ ያወጣል። ገበያ መሃል ሰው ትጨርሳለህ፣ አልፈርምም ብሎኝ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ። ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ስለ መኪና ኤሌክትሪክ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ስመጣ ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ሻንጣ ኩራት ነው። ፊውዙን አወጣሁ፤ ደህና ነው። ደህና ሆኖም ቀየርኩት። መሪውን ፈትቼ የክላክሱን መጫኛ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ምንም። ከባትሪው የሚመጣውን ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ተከተልኩ። ዘበኛው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ቀስ ብለው፣ «ሾፌር፣ አፉን አየህ?» አሉኝ። ይሄ የባትሪ ሥራ ነው አባባ፣ እርስዎ በር ይጠብቁልኝ አልኳቸው። ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴን ያቃጥለኛል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ክላክሱ የታሰረበትን ቦታ ዝገት ፍቄ ብረቱ እስኪያበራ አጸዳሁ። ምንም። በሁለት ሽቦ ያሰርኳትን ትንሽ አምፖል ክላክሱ ጋ አስጠግቼ ሞከርኩ፤ ቦግ አለች። ኤሌክትሪኩ ይደርሳል ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደስታዬ ተነነ፤ እንግዲህ የሞተው ክላክሱ ራሱ ነው፣ አሶሳ ውስጥ ደግሞ ምትኩ የለም። እየሮጥኩ ገበያው ጋ የቆመ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ዘንድ ደረስኩ። የራሱን ፈትቶ ሊሰጠኝ ፈቅዶ ነበር፤ ግን የሱ ሃያ አራት ቮልት ነው፣ የኔ አሥራ ሁለት። በኔ ባትሪ እሱም ያጉረመርማል እንጂ አይጮኽም።

ተመልሼ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። መርማሪው ወረቀቶቹን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ነው። ዘበኛው መኪናው ፊት ቆመዋል፤ አሁንም አፉን እንዳይ ነገሩኝ። በጎናቸው አልፌ መፍቻዬን አነሳሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔን ያን ቀን መከራውም ሊመክረኝ አልቻለም። ክላክሱን ነቅዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩትና ሰንጥቄ ልከፍተው መዶሻ አነሳሁ።

እጄን ያዙኝ። እኒህ ዝምተኛ ሰው አንጓዬን አጥብቀው ያዙኝና፣ «በኛ አገር ጥሩምባ ዝም ሲል መጀመሪያ አፍ ነው የሚያይ» አሉ። «ክረምት ሙሉ ተርብ ውስጡ ቤት ይሠራል። ወላሂ፣ የኔን ሁለቴ ዘጋ።»

ያኔ ነው ያስታወስኩት። ዘበኛው በመንደራቸው ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ጥሩምባው ቅል በቅል ላይ ተቀጥሎ የሚሠራ፣ ከሰው ቁመት የሚረዝም ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንድ ድምፅ ብቻ ይነፋል፣ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ሲገኝ ነው። ክረምቱን ጣሪያ ሥር ይሰቅሉታል፤ ዝናቡ ሲያበቃ ሲያወርዱት፣ ከመንፋታቸው በፊት ሁሉም አፉን ያያል። የኛም መኪና ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ነበር የከረመው።

ክላክሱን አንስተው እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ተጠቀለለው አፉ ቀጭን የቀርከሃ ስንጣሪ አስገቡ። ቀስ ብለው አዞሩት። መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ እንደ አተር የጠነከረ ጭቃ፣ በመጨረሻ ተርቡ ለእጮቹ ያከማቸው የደረቀ የሸረሪት እግር መዳፋቸው ላይ ወረደ። አፉን ገልብጠው መታ መታ አደረጉትና፣ «ኸላስ፣ አለቀ» ብለው ሰጡኝ።

ክላክሱን ቦታው መልሼ ሽቦውን ቀጠልኩ። መርማሪው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መኪና ላይ አንድ እግሩን አድርጓል። ተጫንኩት። ግቢው ውስጥ የነበሩ ፍየሎች ተበታተኑ፤ ከየክፍሉ ሰው ወጣ። መርማሪው እግሩን መለሰ፣ የመኪናውን ኮፈን ጠረጴዛ አድርጎ ፈረመ። እኔ ደግሞ እንደ ሕፃን ዘለልኩ፤ ምን ያሳፍራል፣ ዘለልኩ።

ማን ሠራው ብሎ ሲጠይቀኝ ዘበኛውን አሳየሁት። የቀለድኩበት መስሎት ሳቀ። ከሄደ በኋላ ዘበኛውን ይቅርታ ጠየቅኋቸውና መሪው ጋ ገብተው እንዲጫኑት ለመንኳቸው። እምቢ አሉኝ። የሰው ጥሩምባ አይነፋም፣ ሁሉም የራሱን ነው የሚነፋው አሉኝ። ከዚያ እኔ መሪው ጋ ስቀመጥ በመስኮቱ ጠጋ ብለው፣ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ በሚጠራው አማርኛቸው አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። «ሰኞ ስትገባ ከድልድዩ ጀምረህ ንፋ። ልጄ ይሰማል። ሕፃኑን ይዞ ይወጣል።»

ሰኞ ከድልድዩ ጀመርኩ። አቀበቱን እየነፋሁ ወጣሁ፣ የማሽላውን ማሳ እየነፋሁ አለፍኩ። ከየቀርከሃ አጥሩ ሰው ወጣ። ከፊት አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ትሮጣለች፤ ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም፣ ግንባሯ የአባቷ ነው። መኪናውን አቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ እጄን ግን ከክላክሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ። አጠገቤ ተቀምጣ ታሪኩን ስትሰማ የመጣችው ነርስ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «በቃ፣ ሰምታለች» አለችኝ።