ጃካራንዳውን የሸጠው ማን ነው

መጀመሪያ ብሬከሩን ያወርዳል። ቀጥሎ እጅጌውን እስከ ክርኑ ይሰበስብና የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ የደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ቀለበትና ኤሌክትሪክ አይስማሙም። መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የታችኛውን እርከን በጫማው ረገጥ ረገጥ ያደርጋል። ጣሪያው ላይ ሲወጣ የሚረግጠው ሚስማር የተመታበትን መስመር ብቻ ነው፤ ከቆርቆሮው ሥር እንጨት ያለው እዚያ ነዋ። ባልዲውን በገመድ ይስባል። የሶላር ፓኔሎቹን ከላይ ወደ ታች በውሃ ያርሳል፣ የደረቀውን የወፍ ኩስ በእርጥብ ጨርቅ አለስልሶ ያነሣል፣ ባለጎማውን መጥረጊያ ሳያቆም አንድ ጊዜ ይጎትታል። ብሎኖቹን በቁልፍ እየነካካ ያልፋል፤ የላላ ካለ ያጠብቃል። ከዚያ ወርዶ ብሬከሩን ያነሣና የቴስተሩን ጫፎች ባትሪው ላይ አሳርፎ ቁጥሩ እስኪረጋ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

የመጨረሻው ሥራ ግቢው መሐል ነው። ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር የቅርንጫፍ መቀስ ያወጣና ጀርባውን ተራቸውን ለሚጠብቁት የክሊኒኩ ሕሙማን ሰጥቶ ከአንድ ትልቅ ጉቶ አጠገብ ይንበረከካል። ጉቶው ዙሪያውን ቀንበጥ አውጥቷል፤ ቀጫጭን፣ ቅጠላቸው ላባ የመሰለ። አንዱን በግራ እጁ ይይዛል፣ ከሥሩ ይቆርጣል። ሌላውን ይይዛል፣ ይቆርጣል። ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ይጠርጋል።

ሰፈሩ «ጋሼ ሶላር» ይለዋል። ሥራ የጀመረው በአጎቱ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ነው፤ ከሙያ ትምህርት ቤት ሲወጣ ደግሞ ጄኔሬተር ሲጠግን ኖረ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ያን ዘመን ስታስታውሰው «ትራሱ ሁሉ ናፍታ ናፍታ ይላል» ትላለች። በኋላ የሶላር ኩባንያ ገባና አደገ፤ ዛሬ ተከላውን የሚመራው፣ ፓኔሉ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው እሱ ነው። ኩባንያው ስለ አካባቢ ጥበቃ አብዝቶ የሚናገር ነው። የካታሎጉ ሽፋን ላይ ጋሼ ሶላር የዚህ ክሊኒክ ጣሪያ ላይ ቆሞ፣ ፀሐዩን በእጁ ከልሎ፣ ፈገግ ብሎ ይታያል። ፎቶ አንሺው ጉቶው እንዳይታይ ቦታ ሲቀያይር እንደነበር የሚያውቀው ራሱ ጋሼ ሶላር ነው።

ክሊኒኩ መብራቱ በጣም ያስፈልገው ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ጄኔሬተሩ ምጥ መሐል ቀጥ ይል ነበር። የክትባቱ ፍሪጅ ይሞቅና መድኃኒቱ ይጣላል። ሲስተር፣ ማለትም የክሊኒኩ ኃላፊ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ያዋለደችበትን ቀን አሁንም እየሳቀች ታወራለች፤ ያን ዕለት ግን ሳቅ አልነበረም።

ችግሩ ጥላ ነበር። የሶላር ፓኔሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደሚሄዱ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ጥላ ላይ ሲቆም የሌሎቹም ጉልበት ይወርዳል። ግቢው መሐል ደግሞ አንድ ጃካራንዳ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ዋናውን ጣሪያ ግማሹን ያጠላል። የተከለው የክሊኒኩ ዘበኛ ነው። «ሰው ፀሐይ ሲመታው የሚጣላው ከሐኪም ጋር መሰላችሁ? ከዘበኛ ጋር ነው» ይል ነበር። ለራሱ ሰላም ብሎ ተከለው፤ ዛፉ አደገ፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ ሥሩ ተቀመጠ፣ በሩ ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅም እውነትም ቀነሰ።

ጋሼ ሶላር ቦታውን ሊያይ የመጣ ዕለት ሁለት ጣሪያ ላይ ወጥቷል። አንዱ ዋናው ሕንፃ ነው። ሌላው ከኋላ ያለው የዕቃ ቤት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የማይለየው ጣሪያ። በተረከዙ ሲጫነው ግን እንጨቱ ሲጥ አለ። ምስጥ በልቶታል። ሞራሌዎቹን፣ ማለትም ቆርቆሮውን የተሸከሙትን እንጨቶች፣ መቀየር፣ ረዘም ያለ ገመድ መሳብ፣ ከሲስተር ጋር ዕቃ ማውጣት ማግባት፤ በቃ፣ ሌላ አልነበረም። ለጥቂት ቀን የሚሆን የአናጢ ሥራ ነው። ግን የምረቃው ቀን ተቆርጧል፣ ባነሩ ታትሟል፣ እንግዶች ተጠርተዋል፤ አለቃውም «በአንተ እተማመናለሁ» ብሎታል። ያቺ ቃል ጆሮው ውስጥ ሞቅ ብላ ነበር። ከዕቃ ቤቱ ጣሪያ ወረደና ስለዚያ ጣሪያ አንድም ነገር አልተናገረም።

የሰፈሩ ስብሰባ እዚያው ጃካራንዳው ሥር ሆነ። «ወይ ዛፉ ወይ መብራቱ ነው» አለ ጋሼ ሶላር።

ከበሩ ውጭ ዳቦ የምትሸጠው ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ጥላችንን ወስዳችሁ ፀሐይ ልታከፋፍሉን ነው? እሱማ ሞልቶናል!» አለች። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ዘበኛው ግን አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። «ቆይ ልጄ፣ ሌላ መላ የለም?»

«የለም፣ አባባ።»

«ፈልገህ ነው?»

«ፈልጌ ነው።»

ዘበኛው ወደ ሰዉ ዞረ። «እንግዲህ ባለሙያው ፈልጌ አጣሁ ካለ ምን እናደርጋለን? ሴቶቻችን በጨለማ ይውለዱ? የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ይቆረጥ።» ሊከራከር የመጣው ሁሉ አንጀቱ እያረረ ተበተነ።

ዛፉን የቆረጡት ሰዎች ግንዱን ጭነው ሲወጡ በሩን የከፈተላቸው ዘበኛው ነው። መኪናውን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አየው።

ዘበኛው ዛፉን ሸጠው የሚለው ወሬ ከዚያ ተነሣ። በመጀመሪያ ቀልድ ነበር። ሳምንታት አልፈው፣ ሴት ልጁ አዲስ ጫማ ገዝታለት አድርጎ ሲመጣ፣ ከተሰለፉት አንዱ «አባባ፣ ጃካራንዳው እግርዎ ላይ አማረበት!» አለው። ሰው ሳቀ። ቀልዱ ቀልድነቱ ቀረና ስም ሆነ፦ «ዛፍ ሻጩ»። ዘበኛው ለማንም አልመለሰም። ጫማውን ግን ዳግመኛ አላደረገውም፤ ተረከዙ የተንሻፈፈውን አሮጌውን መልሶ አጠለቀ።

ጋሼ ሶላር ይህን ሁሉ የሰማው ለጽዳትና ለፍተሻ ሲመላለስ ነው። ጣሪያ ላይ ሆኖ ይሰማል። ከላይ ሲያይ ተራ ጠባቂዎቹ የግድግዳዋን ጠባብ ጥላ ተከትለው ሲንፏቀቁ ያያል፤ ፀሐይዋ ስትዞር አግዳሚውም አብሮ ይዞራል። ካርቶን ራሱ ላይ የደፋ አለ። ልጇን በነጠላዋ ከልላ የቆመች አለች። ከውስጥ የክትባቱ ፍሪጅ ድምፅ በደንብ ይሰማል። ፍሪጁ የሚሠራው በእሱ እጅ ነው፤ ደጅ ያለው ፀሐይም የእሱ እጅ ሥራ ነው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ታውቀዋለች።

«ዛሬ ክሊኒኩ ጋ ነበርክ።»

«በምን አወቅሽ?»

«እጅህን ስትታጠብ ሳሙናውን ጨረስከው። ተናገረው እንጂ ለሰውዬው።»

«ምን ብዬ? ዛፉ እንደሆነ አይመለስ።»

«ዛፉን ማን አነሣ? ስሙን ነው የምልህ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ተሳስተህ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ማን የማይሳሳት አለ? አንተ ግን እያወቅክ ነው።»

«አሁን እኮ ብናገር ኩባንያው...»

«ኩባንያው ፎቶህን ይቀይራል። እንደ ሰውዬው አሮጌ ጫማ አያደርግ!»

ጋሼ ሶላር ፎጣውን ሰቅሎ ወጣ። በኩባንያው የችግኝ ተከላ ቀን ከሁሉ ቀድሞ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ከሁሉ በላይ ሲተክል፣ የሥራ ባልደረቦቹ «ምነው፣ ኃጢአት አለብህ እንዴ?» ብለው ቀለዱበት። አብሮ ሳቀ። የሳቀው በአፉ ነው።

ነገሩ የፈነዳው በክትባት ቀን ነው። ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ጋሼ ሶላር ፓኔሉን አጥቦ ወርዶ መቀሱን ይዞ ጉቶው ጋ ተንበርክኳል። ከኋላው ጩኸት ሲሰማ ዞረ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ከሰልፉ መሐል ተዝለፍልፋ ወድቃለች። ሲስተር እየሮጠች መጣች፣ ውሃ መጣ፣ ሴትዮዋን ደግፈው አስገቧት። ዐይኗን ስትገልጥ «ፀሐዩ ነው፣ ምንም አልሆንኩም» አለች። ደህና ነበረች። ግን ከሰልፉ አንድ ጎረምሳ ወደ በሩ እየጠቆመ፣ «ዛፍ ሻጩ ይህን አየህ?» ብሎ ጮኸ።

ዘበኛው የራሱን ወንበር ተሸክሞ ለሴትዮዋ እናት እየወሰደ ነበር። ወንበሩን አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጉቶው መጣና ጋሼ ሶላር አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ልጄ፣ ይቺን አንዷን ብትተዋት?» ከቀንበጦቹ ረዘም ያለችውን በጣቱ ነካ አደረጋት። «እኔ አልደርስባትም። ግን ለሚመጣው ሰው።»

መቀሱ አፉን እንደከፈተ ቀረ። «ካደገች ፓኔሉን ታጠላለች፣ አባባ።»

«እሱስ ልክ ነህ።» ዘበኛው ራሱን ነቀነቀ። «አንተ መላ የለም ካልክ የለም ነው። ቁረጣት በቃ።» ጉልበቱን ይዞ ሊነሣ ሲል ጎንበስ እንዳለ አሮጌው ጫማው ታየ፤ ጎኑ በሽቦ ተሰፍቷል። ሽቦው የሶላር ሽቦ ነው፤ ከተከላው የተረፈ ቁራጭ።

ጋሼ ሶላር መቀሱን መሬት ላይ ጣለው። ተነሥቶ ወደ ሰልፉ ዞረ።

«እኚህ ሰውዬ ምንም አልሸጡም» አለ። «ዛፉን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። መቆረጥ አልነበረበትም። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ይበቃ ነበር፤ እንጨቱን ብቻ መቀየር ነበር። አውቅ ነበር።»

ዳቦ ሻጯ ከበሩ ብቅ አለች። «ታዲያ ለምን የለም አልክ?»

«ለምረቃው ቸኩዬ።»

«ሪባን ለመቁረጥ?»

«ለሪባን።»

«ወይ ጉድ!» አለች፤ ይህን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ያ ጎረምሳ አንገቱን ደፍቶ የገዛ ጫማውን አየ።

ሁሉም ዘበኛውን ጠበቀ። እሱ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። «እኔ እኮ አንተን አምኜ ነው ሰው ፊት የቆምኩት» አለ። አልጮኸም። «ፈልገህ ነው ብዬ ጠየቅኩህ።»

«ጠይቀውኛል።»

«መሰላልህን ከመተላለፊያው አንሣ። ሰው ይደናቀፋል።» ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

ሲስተር ይህን ሁሉ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። እሷ የምትጠይቀው ሌላ ነው። «አሁንስ ፓኔሎቹን ወደ ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ማዞር ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?»

አለቃው በስልክ፣ «ደንበኛው ቅሬታ አላቀረበ፣ አንተን ምን ነካህ?» አለው። ጋሼ ሶላር የዓመት ፈቃዱን ጠየቀ። የተበላውን ሞራሌ አወጣ፣ አዲሱን የምስጥ መድኃኒት ቀብቶ አስገባ፣ ቆርቆሮውን መልሶ መታ። ገመዱን ሳበ። ሲስተር ሕሙማን ያልበዙበትን ቀን መረጠችለት፤ ፍሪጁን በጄኔሬተር አቆይተው ፓኔሎቹን አንድ በአንድ አዞሩ። አሁን ከኋላ ናቸው፤ እንዲያውም ከቀድሞው የተሻለ ይሰጣሉ። ይህን ቴስተሩ ላይ ባየ ጊዜ ደስ ሊለው ሲገባ ዐይኑ ወደ ጉቶው ሄደ።

ቀንበጧ አልተቆረጠችም። ወገብ ደርሳለች፤ ዘበኛው በእንጨት ደግፎ በጨርቅ አስሯታል። ጥላዋ ግን ገና ለአንድ ዶሮ እንኳ አይበቃም። ነፍሰ ጡሮቹ አሁንም ግድግዳውን ተከትለው ይንፏቀቃሉ። ጋሼ ሶላር ሸራ ወጥሮላቸዋል፤ ንፋስ በመጣ ቁጥር ይገነጠላል፣ እሱም መጥቶ ያስራል።

ዘበኛው በሩን ይከፍትለታል። መሰላሉንም አንዳንዴ ይይዝለታል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ልጄ» ብሎት አያውቅም፤ አሁን «ባለሙያው» ነው። «ባለሙያው መጣህ?» ይለዋል፤ ጋሼ ሶላርም አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ያልነበረ ሰው ብዙ ነው። ወሬው በሩቅ ሰፈር ሄዷል፤ ማስተባበያው ግን እስከዚያ አልደረሰም። ባለፈው አንዲት እናት ከሩቅ መጥታ በሩ ላይ ስትደርስ ለጓደኛዋ «ዛፉን የሸጠው እሱ ነው» ብላ ስታንሾካሹክ ጋሼ ሶላር ሰምቷል። ዘበኛውም ሰምቷል። አዲሱ ጫማ አሁንም ካርቶኑ ውስጥ ነው።

ይህ ታሪክ እንዲጻፍ ሲጠየቅ ጋሼ ሶላር ብዙ አላንገራገረም። ሰፈሩ የሚጠራኝ ስም ይቅር፣ የኩባንያው ነገር ይቅር አላለም። አንባቢን የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ እንዳለው ተናገረ፤ ሲናገርም የመቀሱን እጀታ በአውራ ጣቱ እያሸ ነበር።

«ግቢው መሐል ጉቶ፣ ጉቶው ላይ በጨርቅ የታሰረች ቀንበጥ ያለበት ክሊኒክ ከገባችሁ፣ በሩ ላይ ያሉትን ሰውዬ ዛፍ ሻጩ የሚል ሰው ብትሰሙ፣ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉ። እሳቸው አይደሉም፣ ዛፉን ያስቆረጠው ጋሼ ሶላር ነው በሉልኝ። ጮክ ብላችሁ በሉልኝ፤ እሳቸውም እንዲሰሙ።»