አንዳንዴም ይበዛሉ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ሐሜቴን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። እናንተ ስሙኝ። ስትሰሙም አትዘኑልኝ።

ሄርማታ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ፣ አዴ ዘይነባ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩኝ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሰው ልጅ በመጠበቅ ነበር የሚተዳደሩት፤ ስድስት ልጅ፣ ቢበዛ ሰባት። የእኔም ልጅ እሳቸው ዘንድ ትውላለች። ደመወዝተኛ ነኝ፤ ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ሲመሽ እወስዳታለሁ። አንድ ቀን ልወስዳት ስል አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ «አዮ!» አለቻቸው። እናቴ ማለቷ ነው። እኔን እኮ በስሜ ነበር የምትጠራኝ! የዚያን ዕለት ልቤ ውስጥ የገባው ምን ነበር? ቅናት ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

በዚያው ሰሞን የግብር ገማቾች መጡ፤ ሰፈሩን ወክዬ አብሬ እንድዞር እኔ ተመረጥኩ። የሂሳብ መዝገብ የሌለው ሰው ግብር የሚጣልበት በቀን ገቢ ግምት ነው፤ ገማች አንድ ቀን መጥቶ ያየው የዓመቱ ሆኖ ይቀራል። አዴ ዘይነባ ቤት የደረስነው ደግሞ በቀብር ቀን ነበር። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ሞተው፣ መንደሩ ልጁን ሁሉ እሳቸው ላይ ጥሎ ቀብር ወጥቷል። በር ላይ የሕፃን ጫማ ተከምሯል። ገማቹ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ቆጠረ፤ ሃያ ሦስት ጥንድ። ወደ እኔ ዞሮ «ሁልጊዜ ይህን ያህል ናቸው?» አለኝ።

«አንዳንዴም ይበዛሉ» አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ለጎረቤት ለቅሶ ልጅ ይዞ ማን ገንዘብ ይቀበላል? አውቅ ነበር! አዴ ዘይነባ ጓዳ ሆነው የሚያለቅስ ሕፃን ያባብሉ ስለነበር አልሰሙኝም።

የግብሩ ወረቀት ሲደርሳቸው ቤቴ መጡ። «ግብር አልጠላሁም ልጄ፤ ያላገኘሁትን ከየት ላምጣ? ወላሂ የቀብር ቀን ነበር፤ አንቺም ነበርሽ። ቅሬታ ሰሚው ፊት ይህችኑ ብቻ ተናገሪልኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። በቀጠሮው ቀን ስልኬን አጥፍቼ ቢሮዬ ተቀመጥኩ። ምን ፈርቼ? ውሸቴ እንዳይወጣብኝ ነዋ! ግብሩ እንዳለ ጸናባቸው። እሳቸውም ልጆቹን ለየቤታቸው መለሱ፤ ዕቃቸውን ሸጠው ከፈሉና አጋሮ እህታቸው ዘንድ ገቡ። በዚያ ዕድሜያቸው ቡና መጋዘን ቁጭ ብለው የተበላሸ ፍሬ ለቀማ። ሰፈሩ «ሕግ ነው፣ ምን ይደረግ» ሲል እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሕጉ ምን አደረገ? ሕጉ ጠየቀ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያንገሸግሸኛል።

ባለፈው ዓመት ለሥራ አጋሮ ሄጄ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ከስተዋል። አቅፈው ሳሙኝ፤ ልጄን በስሟ ጠርተው ደህንነቷን ጠየቁኝ። ከዚያም «ያኔ ባለመምጣትሽ አልተቀየምኩሽም፤ ሥራ ነው። አብሽሪ» አሉኝ። እሳቸው እኔን አጽናኑኝ! አፌን ከፍቼ እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ መኪና ተሳፈርኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር የማለቱ መብት የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ይቅር ያሉኝ ያልመጣሁበትን ቀን እንጂ የዋሸሁበትን አይደለም። ያንን አያውቁም። አጋሮ ሩቅ አይደለም፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። እስካሁን አልሄድኩም።