ከምንጩ በላይ ያለው ማሳ

ባለፈው ሳምንት አሰላ ነበርኩ። የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች በየደጃፋቸው ስላለው ቦይ፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ችግኝ ሊመክሩ ተሰብስበው፣ እኔም ለዘገባ ከኋላ ተቀምጬ እሰማ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቦዩን የደፈነው ከላይ ከሚሠራው ቤት የሚወርደው አፈር መሆኑን መናገር ሲጀምሩ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ወጣት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሽማግሌው ጨርሰው ሲቀመጡ መልሶ አነሳው።

እኔም እንደዚያ አድርጌ አውቃለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነበር። መንደራችን ከአሰላ ወደ ጭላሎ ተራራ ሲወጡ ነው። በልግ ቀርቶ፣ መንገዱ አቧራ ብቻ ሆኖ፣ ምንጫችን ቀጥኖ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ረፋዱን ሙሉ ያስጠብቅ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ምንጩ አጠገብ ስብሰባ ጠሩ። ጽሑፍሽ ይነበባል ተብዬ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ።

ሊቀመንበሩ ነገሩን አሳጠሩት። ውሃውን የጨረሱት ከምንጩ በታች የቆሙት የአዴ ፋጡማ ስድስት ባሕር ዛፎች ናቸው፤ ይቆረጡ። አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደ ማለት ነው፤ አዴ ፋጡማ ባል የሞተባቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ዛፎቹን ባላቸው የተከሏቸው፣ ሲደርሱ ያዘመመውን ጎጇቸውን በአዲስ ለመሥራት ነበር። ገና አልደረሱም።

«አዴ ፋጡማ፣ ዛፎቹን አገቧቸው እንዴ?» አለ አንድ ጎልማሳ።

«ካንተ ይሻላሉ። እነሱ ቢያንስ የሚጠጡት ውሃ ነው።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው በኦሮምኛ ቀጠሉ፦ ዛፎቹ ቆመው ውሃው ሲፈስ ኖሯል፤ የቀነሰው ከምንጩ በላይ የነበረው የቀጋና የአጋም ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ከታረሰ ወዲህ ነው፤ ዛፎቹ ቢቆረጡም ውሃው አይመለስም፤ ማሳው ይተውና ቁጥቋጦው ይመለስ።

ማሳው የአባቴ ነበር። ፊት ለፊቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በዱላው አፈሩን ይጭራል። ቀና ብሎ አላየኝም። ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው በአማርኛ ስለሆነ እሳቸው ያሉትን መተርጎም የእኔ ሥራ ነበር። እስክሪብቶውን ጭኔ ላይ አኖርኩት። ሲጨርሱ «ወይዘሮ ፋጡማ ቅሬታ አሰሙ» ብዬ ጻፍኩ።

ስብሰባው ሲበተን አዴ ፋጡማ ወደ እኔ መጡ። ማንበብ አይችሉም ነበር።

«ያልኩትን ጻፍሽው፣ ልጄ?»

«ጽፌዋለሁ።»

«ከተጻፈ ይበቃል። አሰላ ያለው የግብርና ባለሙያ ያነበዋል፤ እሱ የተማረ ነው።»

በጨርቅ ከቋጠሩት ጭኮ አንድ ጉርሻ ሰጡኝ። የገብሱ ቆሎ ሽታ፣ የቅቤው ለስላሳነት አሁንም አልጠፋኝም። ዋጥኩት።

ባለሙያው ምንጩን አላየም። ያየው የእኔን ወረቀት ነው፤ አጸደቀው። ዛፎቹ ተቆረጡ። ለምሰሶ የሚሆን ውፍረት ስላልነበራቸው አጥር ሆኑ። ክረምት ሲገባ ምንጩ ሞላ፤ ሰዉም ውሳኔው ሠራ አለ። በዚያው ክረምት የአዴ ፋጡማ ጎጆ በአንድ ወገኑ ተደረመሰና ልጃቸው መጥታ ወደ ሮቤ ወሰደቻቸው። ሲሰናበቱን አባቴን ጨብጠው፣ እኔን ስመው ሄዱ። ባለሙያው ምን እንዳለ አልጠየቁኝም፤ አላነበበውም ብለው ይሆናል። በበጋው ምንጩ ጨርሶ ደረቀ። አባቴ ማሳውን እስኪሞት ድረስ አረሰው።

የሥራ ባልደረቦቼ ሰው የተናገረውን አታጎድልም ይሉኛል። ከየት እንደተማርኩት የጠየቀኝ የለም። ባለፈው ሳምንትም ስብሰባው ሲያበቃ ሽማግሌውን ፈልጌ ስለ አፈሩ ያሉትን እንዲደግሙልኝ ለምኜ በማስታወሻዬ ያዝኩ። እሳቸውም ቃል በቃል መጻፌን ሲያዩ «ልጄ፣ የሚያነበው አለ?» አሉኝ። «አላውቅም» አልኳቸው።

አዴ ፋጡማ ሮቤ እንዳሉ ማረፋቸውን ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን ዘግይቼም ቢሆን አርማለሁ። ወይዘሮ ፋጡማ ቅሬታ አላሰሙም። ውሃው የቀነሰው ከላይ ያለው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ስለታረሰ ነው፣ ዛፎቹን ብትቆርጡም አይመለስም አሉ። ማሳው የአባቴ ነበር። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ።